ኢንሱሊን ተወግቼ የጾምኩባት ፍልሰታ

ስኳር የያዘኝ በአሥራ ሁለት ዓመቴ ነው፤ አሁን አሥራ ዘጠኝ ሞልቶኛል። በመሀል ሁለት ጊዜ ልሞት ነበር። የመጀመሪያው የማንም ጥፋት አልነበረም። ሁለተኛው ግን የራሴና የአንድ ቪዲዮ ጥፋት ነው፤ የምጽፈውም ስለ እሱ ነው። የመጀመሪያውን ሳልነግራችሁ ሁለተኛው ስለማይገባ ትንሽ ታገሡኝ። ስለ ልጃቸው ሕመም ስልክ ከፍተው ለሚፈልጉ ወላጆች፣ ከእነሱም በላይ እናትና አባቱ ሳያዩት ተደብቆ ለሚፈልገው ልጅ ይድረስልኝ።

ቤታችን ከደብረ ታቦር ወደ እብናት በሚወስደው መንገድ፣ ከመኪናው መንገድ ወረድ ብሎ ነው። አባቴ ቄስ ናቸው፤ ስንዴና ገብስም ያርሳሉ። ወንድሜ ደሳለኝ በስምንት ዓመት ይበልጠኛል፤ ያኔም ደብረ ታቦር ውስጥ ባጃጅ ይነዳ ነበር፤ ቪዲዮ የሚያሳይ ስልክ የነበረውም ከቤታችን እሱ ብቻ ነው። በዚያ ስልክ የተነሣ ምን ያህል እንደሚኮራብን ብነግራችሁ አታምኑኝም።

የሕመሜ መጀመሪያ የውሃ ጥም ነው። ከምንጭ የሚመጣውን ጀሪካን ግማሹን እኔ እጨርሰው ጀመር። ትምህርት ቤት በየክፍለ ጊዜው ሽንት ቤት ልሂድ እያልኩ እጄን ሳወጣ መምህሩ ሰልችቶት ከበሩ አጠገብ አስቀመጠኝ። ቀጥሎ መኝታዬን ማርጠብ መጣ። በአሥራ ሁለት ዓመት! እናቴ ለማንም ሳትናገር ጠዋት ጠዋት ቁርበቱን ከጓሮ ታሰጣው ነበር። ቀሚሴ ወገቤ ላይ አልቆም አለ፤ ጎረቤቶቻችን ሴት ልጅ ስታድግ እንዲህ ትመዘዛለች እያሉ እናቴን ያጽናኗት ነበር።

በመጀመሪያ የሄድንበት ጤና ጣቢያ ታይፎይድ ነው ተብሎ ክኒን ተሰጠኝ። ክኒኑን ጨረስኩት፤ ጥሙ ግን ባሰበት። ሁለተኛው ቦታ ሽንት ስለማበዛ የሽንት ቱቦ ቁስለት ነው አሉ፤ እሱም ክኒን ነበረው። በመሀል ጠበል ገባሁ፣ የወስፋት መድኃኒት ጠጣሁ። ከጣቴ አንዲት ጠብታ ደም ወስዶ ስኳሬን የለካ ሰው ግን አልነበረም። ማንንም አልከስም። በእኛ አገር ስኳር የሽማግሌና የባለጸጋ በሽታ ነበር፤ የቄስ ልጅ፣ ያውም የአሥራ ሁለት ዓመት፣ ስኳር ይይዛታል ብሎ ማን ያስባል? እናቴ መክሳቴን አይታ ጠዋት ጠዋት ማር በቅቤ ታበላኝ ነበር። ይህን አሁንም ድረስ ስታስታውሰው ፊቷን ታዞራለች።

አንድ ቀን ማስመለስ ጀመረኝ፤ አላቆም አለኝ። ትንፋሼ ዳገት እንደሮጠ ሰው ሆነ፤ ከንፈሬ ደረቀ፣ ምላሴ ከላንቃዬ ተጣበቀ። ደሳለኝ ባጃጁን ይዞ መጣና እናቴ አቅፋኝ ከተማው ወዳለው ሆስፒታል ወሰዱን። እዚያ ወረፋ ነበር። እናቴ ካርድ ልታወጣ ስትሮጥ ከሐሙሲት የመጣች፣ እጁ የተሰበረ ልጅ ይዛ የተቀመጠች ሴት ጭንቅላቴን ጭኗ ላይ አድርጋ በነጠላዋ ጫፍ አፌን እየጠረገች ቆየች። የራሷ ልጅ እያለቀሰ የእኔን አፍ ትጠርግ ነበር። ስሟን አልጠየቅናትም፤ ይኸው እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ነርሷ ጣቴን ወግታ ደሙን ማሽኑ ላይ አደረገችው። ማሽኑ ቁጥር አልጻፈም፤ ከምለካው በላይ ነው የሚል ምልክት ብቻ አሳየ። ነርሷ ሮጠች። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁለት ቀን በደንብ አላስታውሰውም፤ ጉሉኮሱ፣ የእናቴ እጅ፣ አባቴ በሹክሹክታ የሚደግሙት ዳዊት ብቻ ትዝ ይለኛል። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ ራበኝ። ውሃ ግን አላሰኘኝም። ውሃ ያለማሰኘት እንዲህ ያለ ደስታ እንደሆነ የሚያውቀው የተጠማ ብቻ ነው።

ምን ሰጥታችሁኝ ነው የዳንኩት ብዬ ነርሷን ጠየቅኋት። ሁላችንም ሲስተር ነው የምንላት፤ እኔም እንዲሁ ልበላት። ከአውራ ጣቴ ብዙም የማትበልጥ ብልቃጥ አሳየችኝ። ውስጧ ያለው ውሃ ይመስላል። ይቺው ናት? አልኳት። ይቺው ናት አለችኝና ቆሽት ስለምትባለው ነገረችኝ። እኛ ቆሽቴ አረረ እያልን በየቀኑ የምንጠራት ቆሽት ለካ ከጨጓራ ጀርባ ተጋድማ የምንበላውን ሁሉ እየመዘነች፣ የሚያስፈልገውን ያህል ኢንሱሊን ወደ ደማችን ስትለቅ ኖራለች። ስንበላ ትጨምራለች፣ ስንጾም ትቀንሳለች፣ ስንተኛም አትተኛም። የእኔዋ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን ስትሠራ አንድ ቀን አመሰግናት ዘንድ እንኳ መኖሯን አላውቅም ነበር። ገርሞኝ አለቀስኩ። ሲስተር የፈራሁ መስሏት አባበለችኝ፤ ግን ፍርሃት አልነበረም። ከዚህ በኋላ እሷ ስትሠራው የነበረውን ሥራ እኔ በመርፌና በምግብ ሰዓት ልሠራው ነው። ያንን ያህል ሥራ!

ከሆስፒታል ስንወጣ ሲስተር እናቴን ኮሪደር ላይ አቁማ አስተማረቻት። ከኋላዋ ብዙ ሰው ይጠብቃት ነበር። መርፌው ጠዋትና ማታ፣ ብልቃጡ በእርጥብ አሸዋ መሀል በተቀመጠች ትንሽ እንስራ ውስጥ፣ ምግብ በሰዓቱ፣ ላብና መንቀጥቀጥ ሲመጣ ምን እንደሚደረግ፣ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገረቻት። እናቴ ሦስት ቀን እንቅልፍ አላየችም። ከዚያ ሁሉ ትምህርት ሁለት ነገር ብቻ ይዛ ወጣች፤ መርፌውን አንድም ቀን እንዳታስቀሪ፣ ጣፋጭ እንዳትሰጪያት። በእነዚህ በሁለቱ ላይ እንደ ድንጋይ ጸናች።

ደሳለኝ ደግሞ በስልኩ በኩል መጣ። እኔ ወንድምሽ እያለሁ በታይፎይድ ክኒን ስትሰቃዪ ከረምሽ ብሎ ተጸጽቶ ነበርና ከተማ ውስጥ ነፃ ኢንተርኔት ካለበት ሱቅ ደጅ ባጃጁን እያቆመ ስለ ስኳር የተባለውን ቪዲዮ ሁሉ ይጭናል። እሁድ እሁድ ቤት ይዞት ሲመጣ ቤተሰቡ ይሰበሰባል። አንዱ ነጭ ጋውን ለብሶ አንገቱ ላይ የልብ ማዳመጫ አንጠልጥሏል፤ በአብሽ ውሃ በአርባ ቀን ስኳርን ከሥሩ ነቅዬ እጥላለሁ ይላል። አንዷ የማንጎ ቅጠል ትቀቅላለች፤ በእኛ ደጋ ማንጎ ከየት ይመጣል? አንዱ ሰው አይደለም፣ የማሽን ድምፅ ነው፤ «ሕፃናት» የሚለውን ቃል እንኳ በትክክል አይለውም። ሁሉም ክብደት ቀንሱ ይላሉ። እኔ ከዚያ በላይ ብቀንስ የሚቀረኝ ቀሚሴ ነበር። ሁሉም የሚያወሩት ስለ አዋቂዎች ስኳር መሆኑን ግን አንዳችንም አላስተዋልንም።

በወሩ ለክትትል ስንሄድ ደሳለኝ በኩራት ስልኩን ለሲስተር አሳያት። ትቆጣለች ብዬ ነበር። ሲስተር ግን ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠችና አንድ በአንድ አብራው አየች። እያንዳንዱ ሲያልቅ ትጠይቀዋለች። ይሄ ሰውዬ ማነው፣ የት ነው የሚሠራው? የሚያወራው ስለ ልጅ ነው ስለ አዋቂ? መጨረሻ ላይ ምን ሊሸጥልህ ነው? ደሳለኝ መልስ ባጣ ቁጥር አጥፋው ትለዋለች። ከሃያ ምናምኑ ሁለት ቀሩ። አንደኛው መርፌ የሚወጋበትን ቦታ የሚያሳይ የሐኪም ትምህርት ነው። ሁለተኛው ሲከፈት ሁላችንም ሳቅን። ጨለም ያለ ቤት ውስጥ አንዲት ሴት ትንሽ ልጅ ታቅፋ ተቀምጣለች፤ ስልኩ ዘሞ ግማሽ ጭንቅላቷ አይታይም፣ በመሀል ዶሮ ይጮኽባታል፣ ዘፈን የለው፣ ጽሑፍ የለው። ሲስተር ግን አልሳቀችም። ደሳለኝን እስከ መጨረሻው ሁለት ጊዜ እንዲያየው አደረገችው። ይቺን እንዳታጠፋት አለችው።

ሁለት ቀሩ ያልኩት ሲስተር ካየቻቸው ነው፤ ደሳለኝ አንዱን ደብቆባት ነበር። እሱን ማጥፋት አልሆነለትም፤ ቆንጆ ነበራ። ሰውየው ጢሙ የተስተካከለ፣ ነጠላውን አመሳቅሎ የለበሰ፣ ድምፁ እንደ መዘምር የሚያምር ነው። ከመጽሐፍ ቅዱስ እየጠቀሰ፣ ጾም የረሳነው መድኃኒት ነው ይላል። ብዙ ሰው ጾሞ ከስኳር እንደተፈታ ይናገራል። ሲያልባችሁና ሲያንቀጠቅጣችሁ አትፍሩ፣ መርዙ ከሰውነታችሁ እየወጣ ነው ይላል። መጨረሻ ላይ ስልክ ቁጥር ይመጣል፤ በጾሙ ላይ የሚወሰድ ዱቄት ይሸጣል። እኔ ዱቄቱን አላየሁትም። ያየሁት ጾሙን ነው። ደሳለኝ ስልኩን ቻርጅ ሊያደርግ ባስቀመጠ ቁጥር እየሰረቅኩ ምናልባት አሥር ጊዜ አይቼዋለሁ።

አሁን ስለ ፍልሰታ ልንገራችሁ። በእኛ አገር ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ ፍልሰታን የማይጾም ልጅ የለም። ቅዳሴው ስድስት ሰዓት ላይ ይገባል፣ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ይወጣል፤ እስከዚያ ውሃም አይቀመስም። ልጆች ከሌላው ጾም ሁሉ ይህን ይወዱታል፤ አብረን ቆመን፣ አብረን ቆርበን፣ አብረን ከደጀ ሰላም ዳቦና ብርዝ እንቀምሳለን። በሕመሜ ዓመት ግን አባቴ ቁርጡን ነገሩኝ። ሕመምተኛ አይጾምም፣ ሥርዓቱ ራሱ ይፈቅድልሻል አሉኝ። ይህን ሲሉ እኔ የማስበው የጓደኞቼን ዓይን ነበር። የቄሱ ልጅ በፍልሰታ ቁርስ ትበላለች ሊባል ነው። አፈርኩ። አባቴ የፈቀዱልኝን እኔ ለራሴ መፍቀድ አልቻልኩም።

ስለዚህ ዘዴ ፈጠርኩ፤ በራሴም ብልጠት ተደሰትኩ። ሲስተር መርፌ አታስቀሪ ብላለች፣ እወጋለሁ። ቪዲዮው ጹሙ ብሏል፣ እጾማለሁ። ሁለቱንም ብታዘዝ በእመቤታችን በዓል ድኜ እገኛለሁ። ለአሥራ አምስት ቀን ብቻ! ኢንሱሊን የሚገባው ለምግቡ መሆኑን፣ ምግብ ካላገኘ ደም ውስጥ ያለችውን ስኳር ጠርጎ እንደሚጨርስ ማንም አልነገረኝም፤ ቢነገረኝም አልሰማም ነበር።

መጀመሪያው ቀን እናቴ መርፌዬን ወጋችኝና ዳቦዬን ሰጠችኝ። ዳቦውን ነጠላዬ ውስጥ ሸሸግኩና ለውሻችን ወረወርኩለት። ቀትር ላይ አላበኝ፤ ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ። ደስ አለኝ! መርዙ እየወጣ ነው። ቅዳሴው እንደወጣ ከሁሉም ቀድሜ ብርዝ ጠጣሁና ተሻለኝ። በሁለተኛው ቀን ጧፉ ሁለት ሁለት ሆኖ ታየኝ፤ ከጓደኞቼ ጋር ያለ ምክንያት ተጣላሁ። ያም ቀን አለፈ። ውሻችን ከእግሬ ሥር አልለይ ብሎ ነበር፤ እናቴም ይሄ ውሻ ምን አይቶብሽ ነው ትለኝ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ዝናብ ነበር። ከሴቶች በኩል ከእናቴ ፊት ቆሜ ነበር። አባቴ ያን ቀን የሚቀድሱት እሳቸው ናቸው፤ ድምፃቸው ከመቅደስ ይሰማኛል። ትልቅ ደስታ ተሰማኝ፤ ዳንኩ አልኩ። ከዚያ በኋላ ያለውን የምነግራችሁ እናቴና ደሳለኝ እንደነገሩኝ ነው፤ እኔ አልነበርኩም።

መጀመሪያ ብቻዬን ሳቅኩ፤ ቀጥሎ የማይገባ ነገር ተናገርኩ፣ ወደቅኩ። ተሸክመው ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ወዳለው መጠለያ አወጡኝ። ጥርሴን ነክሻለሁ፣ እጄ ይንቀጠቀጣል። አንዷ ጠበል ረጨችኝ። አንዱ ሽማግሌ ለቀቀባት አሉ፤ ጋኔን ጮኸ ማለታቸው ነው። እናቴ ግን ጋኔን አላለችም፤ በሽታዬን ታውቃለች። ደሳለኝ ከከተማ መጥቶ ወንዶች በኩል ያስቀድስ ነበርና ሮጠህ መርፌዋን አምጣ አለችው። ቤታችን ሩቅ አይደለም፤ ብልቃጡንና መርፌውን ይዞ ተመለሰ። እናቴ መድኃኒቱን ቀዳች። እጇ አልተንቀጠቀጠም። አንድ ጊዜ ከሞት ያወጣኝ ይህ ነው፤ ለምን ትንቀጠቀጣለች?

ቀሚሴን ገልጣ ልትወጋኝ ስትል ደሳለኝ እጇን ያዛት። ሆዴን ሲነካው እርጥብ ነበር። ዝናቡ መስሎት ነበር፤ መጠለያው ግን አያፈስም።

«ቆዪ እማ፣ አላባት።»

«ልቀቀኝ! ያኔ ያዳናት ይሄው አይደል?»

«ያኔ ደርቃ ነበር፤ ምላሷ እንኳ ደርቆ ነበር። አሁን ግን በላብ ርሳለች።»

ስልኩን አወጣ። ቅዳሴ ላይ በዚያ ግቢ ስልክ ከፍቶ የሚያውቅ ሰው የለም፤ ሰዉ አጉረመረመ። ሲስተር እንዳታጠፋት ያለችውን ያቺን ዘማማ ቪዲዮ ከፈተ። ዶሮዋ ጮኸች። ሴትዮዋ ሐኪም አይደለሁም፣ የዚህ ልጅ እናት ነኝ፣ ሆስፒታል ያስተማሩኝን ነው የምነግራችሁ ትላለች። ልጄ ሲያልበው፣ ሲንቀጠቀጥ፣ ሲቀባጥር ስኳሩ ወርዷል ማለት ነው። ኢንሱሊን እንዳትሰጡት። ጣፋጭ ስጡት። ራሱን ከሳተና መዋጥ ካልቻለ አፉ ውስጥ ምንም እንዳታፈሱ፣ ይታነቃል፤ በጎኑ አስተኙትና ማር ወይ ስኳር በጣታችሁ ጫፍ በጉንጩ ውስጥ ትንሽ ትንሽ ቀቡት፣ ወዲያውም ወደ ሐኪም ውሰዱት። ሁለት ደቂቃ ከግማሽ እንኳ አይሞላም። እናቴ መርፌውን እንደያዘች ሰማች። ጣፋጭ እንዳትሰጪያት ተብላለች፤ መርፌ እንዳታስቀሪ ተብላለች። አሁን ሁለቱንም አፍርሺ የምትላት የማታውቃት ሴት ናት፣ ያውም ግማሽ ጭንቅላቷ የማይታይ። እናቴ መርፌውን መሬት ላይ አስቀመጠችው።

ለደጀ ሰላሙ ብርዝ ልትበጠብጥ ማር የያዘች ሴት ከዚያው ነበረች። ደሳለኝ ጣቱን ማሩ ውስጥ ሲነክር ሽማግሌው ተቆጡ፤ ቅዳሴ ሳይወጣ፣ ልትቆርብ የቆመች ልጅ ጾሟን አታስገድፏት አሉ። ባለማሯ ግን ዕቃውን ወደ ደሳለኝ አስጠጋችና ቀሚሷን ዘርግታ ከሰው ዓይን ጋረደችኝ። በጎኔ አስተኝተው ጉንጬን በውስጥ በኩል ቀቡኝ፤ ጠበቁ፣ ደግመው ቀቡኝ። መቅደስ የገባ ካህን ቅዳሴውን ሳይፈጽም አይወጣም። አንድ ዲያቆን ልጅዎ ወድቃለች ብሎ ነግሯቸው አባቴ ቅዳሴውን ቀጠሉ። እናቴ ያኔ ድምፃቸው ለአፍታ ተቋርጦ እንደነበር ትናገራለች፤ እሳቸው ግን አልተቋረጠም ይላሉ።

ዓይኔን ስገልጥ አፌ ውስጥ ማር ነበር። ስሜን ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ለመዋጥ ስችል ብርዙን በትንሽ በትንሹ ሰጡኝ፣ ከዚያ ዳቦ። ከሩብ ሰዓት በፊት ሞቼ ነበር ማለት ይቻላል፤ አሁን ተቀምጬ ዳቦ እያኘኩ ነው። በጣት ጫፍ ማር! ደሜ ውስጥ የጎደለው ይህን ታህል ነበር። የሰው ልጅ ይህችን በምታህል ነገር ተንጠልጥሎ እንደሚኖር ያወቅኩት ያን ቀን ነው። እስከ ዛሬም ሻይ ላይ ስኳር የሚጨምር ሰው ሳይ ማንኪያውን ዝም ብዬ አየዋለሁ።

አባቴ ቅዳሴውን ፈጽመው ልብሰ ተክህኖውን አውልቀው በዝናቡ መጡ። ገና ሳያቸው ጾሜን ገደፍኩ ብዬ አለቀስኩ። ከዚያ ሁሉንም ተናዘዝኩ፤ ዳቦውን፣ ውሻውን፣ ቪዲዮውን። አልተቆጡኝም። ደሳለኝን ሰውየውን አሳየኝ አሉትና ቆመው እስከ መጨረሻው አዩት። ደሳለኝ አንገቱን ደፍቶ ነበር።

«የሚጠቅሰው ጥቅስ ልክ ነው» አሉ አባቴ። «ሰውየው ግን አንቺን አያውቅሽም።»

ያን ዕለት ወዲያው ወደ ሆስፒታል ወሰዱኝ። ሲስተር ለካችኝ፤ ደህና ነበርኩ። የቁጣ መዓት ታወርድብኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። እሷ ግን እናቴን ይቅርታ ጠየቀቻት። የአንድ ቀን ትምህርት በኮሪደር ላይ በአንድ ትንፋሽ ነገርኩሽ አለቻት። ሁላችንንም አስቀምጣ እንደገና ከመጀመሪያው አስተማረችን፤ ይህኛውን እናቴ በቃሏ ደግማ አሰማቻት። ደሳለኝ ቆንጆውን ሰውዬ ፊቷ አጠፋው። ባጠፋውም ሰውየው እዚያው ኢንተርኔቱ ላይ አለ፣ አሁንም ዱቄቱን ይሸጣል። እንዲህ ያለውን ስታገኙ የሲስተርን ጥያቄ ጠይቁት።

ለዚያች ሴት ደሳለኝ ከቪዲዮዋ ሥር ጻፈላት፤ እኅቴ ስመኝ በአንቺ ተርፋለች ብሎ። ከብዙ ቀን በኋላ መለሰች። ማንም አላየውም ብዬ ላጠፋው ነበር አለች። ሌላ አልጻፈችም። ይህን ሳነብ ብታጠፋው ኖሮ ብዬ አስቤ ለመጨረስ ፈራሁ።

ዓመቱ ዞሮ ፍልሰታ ሲገባ፣ በመጀመሪያው ቀን ማለዳ መርፌዬን እንደተወጋሁ አባቴ ጥምጥማቸውን አሳምረው ነጠላሽን ልበሺ፣ ደሳለኝም ስልኩን ይዞ ይምጣ አሉ። ወደ ቤተ ክርስቲያን ይዘውን ሄዱ። ኪዳን የሚያደርሱ ሰዎችና ጓደኞቼ ከደጁ ነበሩ። አባቴ ከዛፉ ሥር አቆሙኝና ደሳለኝን ቅረጽ አሉት። ፎቶ እንኳ ለመነሣት እሺ የማይሉ ሰው ስልኩን ቀጥ ብለው አዩት።

«ሐኪም አይደለሁም፤ ቄስ ነኝ። ይህች ልጄ ናት፣ ስኳር አለባት፣ ዛሬ ጠዋት መርፌዋን ተወግታለች። የመድኃኒቱን ነገር ሐኪሟን ጠይቁ። የጾሙን ነገር ግን እኔን ስሙኝ፤ እንደ እሷ ያለ ልጅ ያላችሁ፣ ልጃችሁ ይብላ። ባለመጾሙ አይፈር፤ እናንተም አታሳፍሩት።»

ከዚያ ከነጠላቸው ውስጥ እናቴ የጋገረችውን ዳቦ አውጥተው ቆረሱልኝ። እሳቸው ከትናንት ማታ ጀምሮ አልቀመሱም። ጓደኞቼ ያዩኛል፤ እኚያ ሽማግሌ ያዩኛል፤ ደሳለኝ ይቀርጻል። እኔ ዳቦውን ይዤ ቆምኩ። ብዪ አሉኝ። ጎረስኩ። ደሳለኝ በቃ ብሎ መቅረጹን ሊያቆም ሲል አባቴ ዓይናቸውን ከእኔ ሳያነሡ እጃቸውን ዘረጉበት።

«ቆይ» አሉት፣ «እስክትውጥ።»